የቀኝ እጅ ላስቲክ እንደ ግራው አይደለም፦ ስለ ሞተር መሪ ላስቲክ ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ሞተረኞች በስልክ የሚቀባበሉት አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። የላከልኝ አብሮኝ የሚሠራ ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። «ጋሼ፣ ቅዳሜ በዚህ መሠረት የራሴን ልቀይር ነው፤ እስቲ እየው» አለኝ። ጽሑፉ የተበላ የመሪ ላስቲክ፣ ማለትም በእጃችን የምንጨብጠውን፣ አውጥቶ አዲስ መግጠም የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው ይልና ስድስት ምክር ይሰጣል። የትኛውም ጥንድ ለየትኛውም ሞተር ይሆናል፤ አሮጌውን በምላጭ ቀዶ መጣል ነው፤ አዲሱ እንዲንሸራተት ውስጡን ግሪስ ወይም ዘይት መቀባት፤ በሁለቱም በኩል ሱፐር ግሉ ማፍሰስ፤ ላስቲኩን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ክፍተት ማሳጣት፤ እጁ የሚደነዝዝበት ሰው ደግሞ በመሪው ጫፍ ያለውን ክብደት ፈትቶ ይጣልና ላስቲኩ ላይ የጎማ ከመነዳሪ ይጠቅልል።

ልጁን «ቅዳሜን አቆየው» አልኩት። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ሥራዬ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በየቀበሌው ከብት ማከምና መከተብ ነው። ግን ሞተር ላይ የማሳልፈው ሰዓት ከከብት ጋር ከማሳልፈው አይተናነስም፤ የመሪ ላስቲክም ስንት ጊዜ እንደቀየርኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ጸሐፊው ይህን ሥራ ባለሞተሩ ራሱ ሊሠራው ይችላል ማለታቸው ትክክል ነው። አዲሱን ላስቲክ ከመግጠም በፊት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማለስለስ ብለው ከስድስቱ ውጪ ጣል ያደረጉትም ለእንደኛ ዓይነቱ ብርድ አገር ጥሩ ምክር ነው፤ ውስጡን በደንብ ማድረቅ እንዳይረሳ እንጂ። በቀረው ግን አልስማማም። አለመስማማቴም የልማድ ልዩነት ሆኖ የሚታለፍ አይደለም።

ከአምስተኛው ምክር ልጀምር፤ ሰው የሚገድለው እሱ ነውና።

«ላስቲኩን እስከ መጨረሻው ገፍተው ያስጠጉ፤ ክፍተት ከታየ አቧራና ውኃ ይገባል» ብለዋል። በግራ በኩል ይህ ምንም አይጎዳም። የግራው ላስቲክ የሚለብሰው የማይንቀሳቀስ ብረት ነው። የቀኙ ግን ብረቱን አይነካውም። የሚለብሰው በብረቱ ላይ የሚሽከረከር የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ያ ቱቦ ነው የነዳጅ መስጫውን ገመድ የሚስበው። ነዳጅ የምንሰጠው በእጃችን ጉልበት ነው፤ ስንለቀው የሚመልሰው ግን ካርቡሬተሩ ላይ ያለ አንድ ቀጭን ሞላ ነው። ያ ሞላ የቱቦውንና የገመዱን ሰበቃ እንዲያሸንፍ እንጂ የላስቲክን ፍትጊያ ጭምር እንዲያሸንፍ አልተሠራም። ላስቲኩ በውስጥ በኩል ገመዱ የሚገባበትን ቤት ከነካ፣ ወይም በውጭ በኩል የመሪውን ጫፍ ከተጫነ፣ ነዳጅ መስጫው እጅ በተወው ቦታ ተይዞ ይቀራል።

ይህን በደሜ አውቀዋለሁ። አንድ ዓመት በመስከረም ማለዳ፣ ከኋላዬ የአባ ሰንጋ ክትባት የያዘ የበረዶ ሳጥን አስሬ ወደ ረቡዕ ገበያ እየሄድኩ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከተማ ውስጥ አንድ ጋራዥ ሁለቱንም ላስቲክ አስቀይሬያለሁ፤ ልክ ጸሐፊው እንዳሉት ጥግ ድረስ ተገፍቶ፣ አንድም ክፍተት ሳይታይ። ሲያዩት ያምራል። አንድ ዳገት ነዳጅ ሰጥቼ ወጣሁና ቁልቁለቱ አፍ ላይ፣ መንገዱ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ቦታ፣ እጄን ለቀቅሁ። ሞተሩ አልበረደም። መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ ሳይሆን የራሴ ጆሮ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ፍሬን ያዝኩ፤ ሞተሩ ፍሬኑን እየታገለ ይገፋኛል። ፍሪሲዮኑን ጨብጬ ቀዩን ማጥፊያ በአውራ ጣቴ እስክመታው ድረስ ኩርባውን አልፌ ከመንገዱ ጠርዝ ያለው ቦይ ጋ ደርሼ ነበር። በቦዩ ማዶ ገብስ የሚያርሙ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው አባት ማረሚያቸውን ጥለው መጡና ሞተሩን ከኋላ ያዙልኝ። «አይዞህ ዶክተር፣ አይዞህ፤ እግዜር አወጣህ» እያሉ እኔን ሲያጽናኑ የእሳቸውም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እዚያው ቁጭ ብዬ አየሁት። ቀኙን ላስቲክ ወደ እኔ ሳዞረው ይዞራል፤ ስለቀው ግን ባለበት ይቆማል። ከንፈሩ ገመዱ የሚገባበት ቤት ላይ ተለጥፎ ጥቁር የላስቲክ ፍርፋሪ አራግፏል። ሰኮና በምቆርጥበት ቢላዋ ከውስጥ ጠርዙ ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ዙሪያውን ላጥኩት። ከዚያ አዙሬ ለቀቅሁት፤ «ጠቅ» ብሎ ተመለሰ። ሦስት ሚሊ ሜትር ላስቲክ ነበር ያን ሁሉ ያመጣው።

ስለዚህ በቀኝ በኩል ክፍተቱ ጉድለት ሳይሆን የሥራው ዋና ነገር ነው። ከውስጥ በኩል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ በውጭ በኩልም ክብደቱ ወይም የመሪው ጫፍ ካለበት የማይነካካበት ስስ ክፍተት ይተዉ። እኔ ላስቲኩን ስገፋ በላስቲኩና በቤቱ መካከል የካርቶን ቁራጭ አስገባለሁ፤ ማስቲሹ ሲደርቅ ካርቶኑን እስባለሁ፤ የቀረው ቦታ ክፍተቱ ነው። ጫፉ የተደፈነ ላስቲክ ከሆነም የመሪው ብረት ከውስጥ እንዳይጫነው ማየት ያስፈልጋል። ደፋን ላስቲክ ሌላም ጣጣ አለው፦ ሞተሩ በቀኝ ጎኑ ሲወድቅ የላስቲኩ ጫፍ በድንጋይና በብረቱ መካከል ይጨፈለቅና ቱቦውን ቆልፎ ይይዘዋል። ሞተሩን አንስተው ሲያስነሱት ነዳጅ እንደተሰጠ ይነሳል። ከወደቁ በኋላ ከመነሳት በፊት ቀኙን አንዴ አዙሮ መልቀቅ ይህን ያሳያል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልመለስ። «የትኛውም ጥንድ ለየትኛውም ሞተር ይሆናል» የሚለው ስህተት የሚጀምረው ከጥንዱ ከራሱ ነው፤ ሁለቱ ላስቲኮች እኩል አይደሉም። በአገራችን የሚነዱት አብዛኞቹ ሞተሮች፣ ቦክሰሩም አፓቼውም የእኔው ያማሃ ኤጂ 100ም፣ የመሪያቸው ብረት በእጀታው በኩል 22 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። በቀኝ በኩል ግን ብረቱ ላይ ቱቦው ስለሚለብስ ላስቲኩ የሚገባበት ውፍረት ወደ 25 ያድጋል። ስለዚህ በትክክል የተሠራ ጥንድ የአንዱ ቀዳዳ ጠበብ፣ የሌላው ሰፋ ያለ ነው። ሻጩ ከሁለት ጥንድ አንዳንድ አንስቶ ሁለት ግራ ወይም ሁለት ቀኝ ሲሰጥ አይቻለሁ። ሰፊው በግራ ሲገባ እንደ ልቅ ጫማ ይዞራል፤ ጠባቡ በቀኝ በግድ ሲገባ ተወጥሮ ቆይቶ በብርድ ማለዳ ይሰነጠቃል። የብስክሌት ላስቲክም ሁለቱም በኩል ለ22 የተሠራ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ቀኙን በእሱ መሸፈን አይሆንም። እንደ ሃርሊ ዴቪድሰን ያሉት ትልልቅ ሞተሮች ደግሞ 25.4 ሚሊ ሜትር መሪ ስላላቸው የእነሱ ላስቲክ ለእኛ አይመጣም። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌለ አሮጌውንና አዲሱን አፍ ለአፍ አጋጥሞ ማየት ይበቃል። ርዝመቱንም አብረው ይዩ፤ አዲሱ ከአሮጌው በአንድ ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ከላይ የተናገርኩት ክፍተት አይኖርም።

ረጅም ላስቲክ ገዝቶ «የማብሪያ ማጥፊያውን ቤት ወደ ውስጥ ገፋ አደርገዋለሁ» ለሚል ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሞተር ላይ ያ ቤት ውስጡ ትንሽ ጥርስ አለችው፤ መሪው ላይ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ትቀመጣለች። ጥርሷን ከቀዳዳዋ አውጥቶ ብሎኑን በግድ ያጠበቀ ሰው ቤቱን ይሰነጥቀዋል። ላስቲኩን ማሳጠር ይሻላል።

ሁለተኛው የምላጩ ምክር ነው። በግራ በኩል ላስቲኩ ተመልሶ የማይፈለግ ከሆነ ቀዶ መጣል ምንም አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ብረት ነው። በቀኝ ግን ምላጩ የሚያርፈው ፕላስቲክ ላይ ነው። የተጫረ ቱቦ በጭረቱ በኩል ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ደግሞ ብረቱን ይነክሳል፤ ወደዚያው ወደማይመለስ ነዳጅ መስጫ ይወስደናል። እኔ ሙያዬ የሰጠኝን መሣሪያ እጠቀማለሁ፦ ሲሪንጅና መርፌ። ቀጭን ካቻቪቴ ጫፉን አድቦልብዬ በላስቲኩ ከንፈር ሥር ጥቂት አስገባለሁ። በተከፈተው በኩል አልኮል በሲሪንጅ እረጫለሁ፤ አምስት ሚሊ ሊትር እንኳ ብዙ ነው። ከዚያ ላስቲኩን በሁለት እጄ ልብስ እንደሚጨምቅ ሰው ወዲያና ወዲህ አጠመዝዘዋለሁ። መጀመሪያ እንቢ ይላል፤ ቀጥሎ ከውስጥ የሚያንቋቋ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ላስቲኩ ሳይቀደድ፣ ቱቦው ሳይጫር ይወጣል። ኮምፕሬሰር ያለው ጎሚስታ አጠገብ ከሆኑ አየር በከንፈሩ ሥር መንፋትም ያንኑ ይሠራል። አልኮሉ ግን ፈሳሹ ይሁን፤ የእጅ ማጽጃው ጄል ግሊሰሪን ስላለው እያሟለጨ ይቀራል።

ስለ ግሪስና ዘይት ጸሐፊው «ሲገባ ይቀላል» ብለዋል። ይገባል፤ በገባበት መንገድ ግን ይወጣል። ግሪስ አይደርቅም። ሳምንቱን ሙሉ፣ ወሩን ሙሉ በላስቲኩና በቱቦው መካከል ቁጭ ብሎ ያሟልጫል። የማዕድን ዘይት ደግሞ የተፈጥሮ ላስቲክን ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡ እጅዎ ከላስቲኩ ጋር ዞሮ ሞተሩ ሳይሰማ ቢቀር፣ ወይም ጉድጓድ ሲመቱ የግራው ላስቲክ ከነእጅዎ ወጥቶ ቢሄድ ምክንያቱ ይኸው ነው። በየጋራዡ የተለመደው ቤንዚን የመቀባት ዘዴ ከግሪስ የሚሻለው ስለሚተን ብቻ ነው፤ እሱም ላስቲክ ያሳብጣል፤ የጋለ ሞተር አጠገብ በክፍት ጣሳ ቤንዚን ይዞ መሥራትንም ማንም ጤነኛ ሰው መምከር የለበትም። የሚያንሸራትት ነገር ካስፈለገ ሥራውን ጨርሶ የሚሄድ ይሁን። አልኮል ይተናል። የፀጉር ስፕሬይም እርጥብ ሳለ ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ ይይዛል። የሳሙና ውኃ በቸገረ ጊዜ ይሆናል፤ ሆኖም ሳሙናው ደርቆ ይቀመጥና በክረምት ዝናብ ሲረጥብ ዳግመኛ ሳሙና ይሆናል።

ሱፐር ግሉን በተመለከተ ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንዱ ቀላል ነው፦ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይከራል፤ ንዝረት ሲበዛበት ይሰባበራል፤ ያልተሰባበረበት ቦታ ደግሞ ቱቦውን ሳያቆስሉ አይላቀቅም። ላስቲክን ከብረትና ከፕላስቲክ ጋር ለማያያዝ የሚሆነው እየተለጠጠ የሚይዝ ማስቲሽ ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ቅሬታዬ «ማፍሰስ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በቀኝ በኩል ትርፍ ማጣበቂያ የትም አይጠፋም። ላስቲኩ ሲገፋ በፊቱ እየጠረገ ይወስደዋል፤ ከቱቦው አፍ ላይ ይጠራቀምና በቱቦውና በብረቱ መካከል ይገባል። ሲደርቅ የሚሽከረከረው ነገር መሽከርከር ያቆማል። ስለዚህ ለቀኙ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከቱቦው ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይቀቡ መተው፣ ላስቲኩ እንደገባም ሳይቆዩ ነዳጅ መስጫውን ደጋግሞ ማዞር ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው የቤቱን ሁለት ብሎን ፈትቶ ገመዱን አላቅቆ ቱቦውን ከመሪው ማውጣት፣ ላስቲኩንም ጠረጴዛ ላይ ማልበስ ነው። እግረ መንገድዎን ከቱቦው ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራ ይጠርጉታል። ብረቱንም ደረቅ ይተዉት፤ ግሪስ ከቀቡት አቧራ ይሰበስባል።

ማስቲሽ ከተቀባ በኋላ አሥር ደቂቃ የሚባል ነገር የለም። ማታ ገጥሜ ጠዋት ነው የምነዳው።

ጭቃና ድንጋይ ለሚበዛበት መንገድ ማስቲሹ ብቻ አይበቃኝም፤ ቀጭን የማይዝግ ሽቦም አስርበታለሁ። ብዙ ላስቲክ ዙሪያውን የሽቦ መስመር አብሮት ይሠራል። ሽቦውን በመስመሩ ውስጥ አዙሮ በፒንሳ ቀስ እያሉ መጠምዘዝ ነው። የተጠመዘዘው ጫፍ ከመዳፍ ወገን ሳይሆን ከፊት፣ በጣቶች መካከል በሚያርፍበት በኩል ይሁንና ወደ ላስቲኩ ተጎንብሶ ይቀበር። መዳፍ ወገን የተተወ ጫፍ ጓንት ቀድዶ ሥጋ ይገባል።

ስድስተኛው ምክር ላይ ጸሐፊው የተነሱበትን ችግር እጋራለሁ። ነጠላ ሲሊንደር ሞተር ላይ ቀኑን ሲውሉ እጅ ይደነዝዛል፤ ማታ ማንኪያ መያዝ የሚያስቸግርበት ቀን አለ። ነገሩ በዋዛ የሚታይ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆች 2002 ስለ ንዝረት ባወጣው የሠራተኞች ደኅንነት መመሪያ፣ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን እጅና ክንድ ላይ የሚያርፈው አማካይ ንዝረት 2.5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ሲያልፍ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ፣ ከ5 ደግሞ ከቶ እንዳያልፍ ደንግጓል። ምክንያቱም ለዓመታት የተጠራቀመ ንዝረት የጣትን የደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል፤ ጣት በብርድ ነጭ ይሆናል፣ ስሜት ያጣል።

ግን መፍትሔው የተገላቢጦሽ ነው። በመሪው ጫፍ ያለው ክብደት ጌጥ አይደለም። መሪ ባዶ ቱቦ ነው፤ በተወሰነ የሞተር ዙር እንደ ክራር አውታር ይርገበገባል። ወፍራም አውታር ከቀጭኑ ዝግ ብሎ እንደሚርገበገብ ሁሉ፣ ጫፉ ላይ ክብደት ያለበት መሪም የሚርገበገብበት ዙር ይወርድና ዘወትር ከምንነዳበት ዙር ይርቃል። እንደ አፓቼ ያሉት ላይ አምራቹ ያን ክብደት ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ፈትቶ የጣለው ሰው ድንዛዜውን ራሱ ይጠራዋል። ላስቲኩ ደፋን ከሆነና ክብደቱ አልገባ ካለ ጫፉን በስለታም ቢላዋ ክብ አድርጎ በስቶ ክብደቱን መመለስ ነው።

ከመነዳሪ መጠቅለሉ ደግሞ ለሌላ ምክንያት አሳሰበኝ። ላስቲኩ ሲወፍር የፍሬኑ መጨበጫ የሚጓዝበት ቦታ ይጠባል። የፊት ፍሬኑ በገመድ የሚሠራና ትንሽ የላላ ሞተር ላይ መጨበጫው ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ሳይዝ ከመነዳሪው ላይ ያርፋል፤ በግራ በኩልም ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ይቀርና ማርሹ እየተንቋቋ ይገባል። እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ደግሞ ወፍራሙን ለመያዝ አጥብቆ መጨበጥ ስላለበት ክንዱ ቶሎ ይዝላል፤ አጥብቆ የጨበጠ እጅ ንዝረቱን የበለጠ ይቀበላል። እኔ ያገዘኝ ለስለስ ያለ፣ ለመዳፌ ልክ የሆነ ላስቲክና ላላ አድርጎ መያዝ ነው። ድንዛዜው በድንገት የጨመረበት ሰው ላስቲኩን ሳይሆን ሞተሩ ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸውን ብሎኖች ይፈትሽ።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገርም አለ፤ ላስቲክ ከተቀየረ በኋላ የሚደረገው ማስተካከል። ለፍሬኑና ለፍሪሲዮኑ መጨበጫዎች አንግል አንድ ቃል አልተሰጠም። ሞተሩ ላይ እንደሚነዱት ሆነው ይቀመጡ፤ ጣቶችዎን መጨበጫው ላይ ሲዘረጉ ክንድዎ፣ አንጓዎና ጣትዎ በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። አንጓው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሰበር ከሆነ ማሰሪያውን ላላ አድርጎ ማዞር ነው። የፍሬን ዘይት ማስቀመጫ ያለበት ማሰሪያ ወደ ላይ የሚያመለክት ምልክት ካለው ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን፤ የላይኛው ብሎን መጀመሪያ ይጥበቅ፣ የታችኛው ቀጥሎ። የፍሪሲዮኑ መጨበጫ ጫፍ በብዙ ሞተር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ልቅ ጉዞ ይፈልጋል። ነዳጅ መስጫውም ገመዱን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ መዞር አለበት፤ ብዙ የአምራች መመሪያዎች ከ2 እስከ 6 ይላሉ።

በመጨረሻ ሞተሩን በገለልተኛ ማርሽ አስነስቶ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞርበት ዙር) እንዲረጋ መጠበቅ፣ ከዚያ መሪውን ግራ ጥግ፣ ቀኝ ጥግ ማዞር። በየትኛውም ጥግ ድምፁ ከጨመረ ገመዱ እየተሳበ ነው፤ መስመሩ ይስተካከል። በሦስቱም ቦታ፣ በግራ፣ በመሐል፣ በቀኝ፣ ነዳጅ መስጫውን ሰጥቶ መልቀቅ። ጠቅ ብሎ ካልተመለሰ ከግቢ አይውጡ።

ጽሑፉን ለጻፉት ወንድሜ የማቀርበው ልመና አንድ ነው። ስለ ላስቲክ ምርጫና ስለ ከመነዳሪ ያሉትን ከፈለጉ ይተዉት፤ አንባቢ ያመዛዝነዋል። «እስከ መጨረሻው ገፍተው ያስጠጉ» የሚለውን ግን ዛሬውኑ ያንሱት፤ ካልሆነም «በግራ በኩል ብቻ» የሚል ይጨምሩበት። ወጣቱ ባልደረባዬ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ይመጣል፤ ሲሪንጁንና ካርቶኑን አዘጋጅቻለሁ።